የበረዶ ተራራ ፎቶ፦ ልምምዱ ከሐረር ግድግዳ ይጀምራል

ከድሬዳዋ ተነሥቶ ኪሊማንጃሮ የወጣ ወይም በጥር ወር አውሮፓ የሰነበተ ሰው ፎቶውን ሲያሳይ አንድ ነገር ይደጋገማል፤ በረዶው ነጭ አይደለም። አመድ መስሏል። ከፊቱ የቆመው የጉዞ ጓደኛ ደግሞ ዓይኑ እንኳን አይለይም። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ አይደለም፤ ውዱም ያንኑ ያደርጋል። ችግሩን ተራራው ላይ ደርሶ ለመፍታት መሞከር ደግሞ ከባድ ነው። እዚያ ጣት ይደነዝዛል፣ ባትሪ ይደክማል፣ አስጎብኚው ሰዓቱን እያየ ያጣድፋል። በረዶ ፎቶ አንሺን የሚፈትንበትን ነገር አብዛኛውን ግን አንዲት የበረዶ ቅንጣት ሳትኖር እዚሁ፣ ከድሬዳዋ እስከ ሐረርና ትንሽ አለፍ ብሎ ባለው መንገድ ላይ፣ ልንለማመደው እንችላለን። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ለዚያ የተዘጋጀ ነው። ካሜራም ስልክም ለያዘ ይሠራል።

1. የምትሄዱበትን በረዶ ለዩ

የእኛው ራስ ዳሸን ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ቢኖረውም በረዶው አልፎ አልፎ ሌሊት የሚጥል፣ ፀሐይ ስትበረታ የሚቀልጥ ነው። ለእርሱ ብሎ ጉዞ ማቀድ ዕጣ መጣል ነው። ግግር በረዶ ያላቸው የቅርብ ተራሮች ኪሊማንጃሮ (5895 ሜትር)፣ የኬንያ ተራራ (5199 ሜትር) እና በዑጋንዳና በኮንጎ ወሰን ላይ ያለው ሩዌንዞሪ (5109 ሜትር) ናቸው። ሦስቱም ምድር ወገብ አጠገብ ስለሆኑ ወቅታቸው የሚለካው በዝናብ ነው። ለኪሊማንጃሮ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት፣ ወይም ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም ያለው ደረቅ ጊዜ ይመረጣል። የአናቱ ግግር ከ1912 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ስለቀነሰ ማየት የሚፈልግ ሰው ባይዘገይ ጥሩ ነው። ወደ አውሮፓ ተራሮች የሚሄድ ደግሞ ጥርንና የካቲትን ይያዝ።

2. ነጭን ነጭ አድርጎ ማንሳት

ይህኛው ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጊዜ የሚያጥረው ሰው የቀረውን ዘልሎ ይህን ብቻ ቢሠራ አይከስርም።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ጁገል (በግንብ የታጠረው ጥንታዊ የሐረር ከተማ) ውስጥ ግቡና በኖራ የተቀባ፣ ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ግድግዳ ፈልጉ። በሐረር ቀጫጭን መንገዶች ይህን ለማግኘት ብዙ መሄድ አያስፈልግም። የቤቱ እመቤት ደጅ ላይ ከተቀመጡ ሰላምታና ፈቃድ ይቅደሙ፤ «ለግድግዳው ነው» ስትሏቸው ሳቅ ማትረፋችሁም አይቀርም። ከዚያ ካሜራውን አውቶማቲክ ላይ አድርጋችሁ ከግድግዳው በቀር ሌላ ነገር ሳታስገቡ አንሱ። ፎቶው ላይ ያለውን ግድግዳ ዓይናችሁ ከሚያየው ጋር አስተያዩት። ፎቶው አመዳም ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የካሜራው ብርሃን መለኪያ ፊቱ ያለው ነገር ምን እንደሆነ አያውቅም። የተሠራው ዓለም በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ናት፣ ከሚያርፍባት ብርሃን 18 በመቶ ያህሉን ትመልሳለች በሚል ግምት ነው። አዲስ የጣለ በረዶ ግን ከ80 እስከ 90 በመቶ ይመልሳል። መለኪያው ይህን ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ነጩም ግራጫ ሆኖ ይወጣል። የሐረር ኖራም እንደ በረዶ ባይሆን እንኳ መለኪያውን በዚሁ መንገድ ያታልለዋል።

አሁን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን የብርሃን ማካካሻ ቁልፍ ፈልጉ። ያንኑ ግድግዳ በ+1፣ ቀጥሎ በ+1.7፣ ቀጥሎ በ+2 አንሱት። ስልክ የያዘ ሰው ግድግዳውን በጣቱ ይንካና የምትወጣውን ትንሽ ፀሐይ ወደ ላይ ይጎትት። ከሦስቱ አንዱ ላይ ግድግዳው ነጭ ይሆናል፤ የኖራው ሻካራነትና የብሩሹ መስመርም ሳይጠፋ ይታያል። ፍለጋችን እርሱን ነው። ሻካራነቱ ከጠፋና ባዶ ነጭ ከቀረ አልፋችኋል፤ ትንሽ መልሱት።

ፎቶውን በሚያሳየው የካሜራው የጀርባ መስታወት ላይ ብቻ አትፍረዱ፤ ደማቅ ፀሐይ ውስጥ መስታወቱ ይዋሻል። ሂስቶግራም የሚባለውን ሥዕል ክፈቱ። በግራ ጥቁሩ፣ በቀኝ ነጩ የሚመዘገብበት የብርሃን ሥርጭት ነው። የግድግዳው ጉብታ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ጠርዙን ሳይነካ መቆም አለበት። መሐል ላይ ከተቀመጠ ግራጫ ነው፤ ጠርዙ ላይ ከተከመረ ተቃጥሏል። ካሜራችሁ የተቃጠለውን ቦታ ብልጭ ድርግም እያደረገ የሚያሳይበት ምርጫ ካለው አብሩት።

በነገራችን ላይ ነጭ ነገር በሐረር ፎቶ አንሺን ሲያስቸግር የአሁኑ የመጀመሪያው አይደለም። ለንግድ ሐረር የከረመው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ በ1883 እ.ኤ.አ. እዚህ ራሱን አንሥቶ ለቤተሰቡ የላካቸው ፎቶዎች በማጠቢያው ውኃ መጥፎነት ነጥተው እንደቀሩ ጽፎ ነበር። እኛ ውኃውን ተገላግለናል፤ የመለኪያው ነገር ግን ቀርቶልናል።

አሁን ጓደኛችሁን ግድግዳው ፊት አቁሙት። ፈረንጆች የሚጽፏቸው መመሪያዎች ይህን ነገር ብዙም አያነሱትም፤ ለእኛ ግን ዋና ነው። ጥቁር ወይም ጠይም ፊት በነጭ ነገር ፊት ሲቆም በአውቶማቲክ የተነሣው ፎቶ ፊቱን ያጠፋዋል። ብዙ ሰው መፍትሔው ወይ በረዶውን ወይ ፊቱን መምረጥ ይመስለዋል። አይደለም። ፊቱን ያጨለመው በረዶውን ግራጫ ያደረገው ያው ስሕተት ነው። ነጩን ወደ ትክክለኛ ቦታው ስትመልሱት ፊቱም ወደ ራሱ መልክ ይመለሳል። በ+1.7 ያነሣችሁትን ተመልከቱ፤ ግድግዳውም ነጭ ነው፣ የጓደኛችሁም ፊት የራሱ ነው። ተራራው ላይ ደግሞ አንድ ረዳት ይጨመራል። በረዶው ራሱ ብርሃን ከታች ወደ ላይ ስለሚመልስ ከባርኔጣ በታች ያለውን ጥላ ያለሰልሰዋል። ሰውየው ፀሐይዋን በጎን በኩል እንዲያገኛት ማዞር ብቻ ይበቃል።

ካሜራችሁ ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ) ፋይል የሚይዝ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ በእርሱ አንሱ። የተለመደው ፋይል፣ ጄፔግ፣ የተቃጠለ ነጭን መመለሻ የለውም፤ ሮው ጥቂት ይምራል።

3. ሰማያዊውን ጥላ አትፍሩት

እዚያው ጁገል ሳላችሁ ፀሐይ የማይደርስበትን፣ ከላይ ግን ጥርት ያለ ሰማይ የሚታይበትን ነጭ ግድግዳ አንሱ። ወደ ሰማያዊ ያደላል። ጥላው ብርሃን የሚያገኘው ከሰማዩ ብቻ ስለሆነ ነው። በረዶ ላይ ይህ እጥፍ ድርብ ሆኖ ይመጣል። ዋይት ባላንስ የሚባለውን የቀለም ማስተካከያ አውቶማቲክ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው ከፎቶ ፎቶ ሐሳቡን ይቀያይራል። የፀሐይ ምልክት ላይ፣ ማለትም 5500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ፣ አስቀምጡትና ተዉት። የጥላ ምልክቱ ከ7000 ኬልቪን በላይ ስለሚሄድ በረዶውን ቢጫ ያደርገዋል። በእኔ አስተያየት ሰማያዊውን ጥላ ጨርሶ የሚያጠፉ ሰዎች የብርዱን ስሜት አብረው ያጠፉታል። ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ይሁን፤ ጥላው ሰማያዊ ይቅር።

4. ዝቅ ያለች ፀሐይ፦ ደቻቱ ላይ

በረዶ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነው። ቅርጹን የሚያወጣለት ከጎን የሚመጣ ብርሃን ብቻ ነው። ይህን ለመማር በድሬዳዋ መሐል የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ የመሰለ ቦታ አይገኝም። በጥር ወር ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያን ጊዜ አሸዋው ላይ ያለ የፍየል ኮቴ ሁሉ ረጅም ጥላ አለው። ያንኑ ቦታ ቀትር 6 ሰዓት ላይ ተመልሳችሁ አንሱት፤ ሜዳ ሆኗል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።

በእኛ ሰማይ ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወጣ ጥሩው ብርሃን አንድ ሰዓት እንኳን አይሞላም። ኪሊማንጃሮም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ተጓዥ እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥቶ አናቱ ላይ ከፀሐይ ጋር ለመድረስ የሚሞክረው በከንቱ አይደለም። በሰሜን አውሮፓ ግን ነገሩ ይለያል። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ በታኅሣሥ አጋማሽ ቀኑ ወደ 6 ሰዓት ብቻ ነው፤ ፀሐይዋም ቀትር ላይ እንኳን ከአድማስ ከ7 ዲግሪ በላይ አትወጣም። ቀኑ አጭር ቢሆንም በሙሉ የጎን ብርሃን ነው። ስለዚህ እዚያ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት ግዴታ አይደለም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ሆቴል መቀመጥ ግን ኪሳራ ነው።

አሸዋው ሌላም ያስተምራል። የምታነሱትን ቦታ በእግራችሁ አትርገጡ። በረዶ ላይ አንዴ የተረገጠ ነገር አይጠረግም። መቆሚያችሁን አስቀድማችሁ ምረጡ፣ ዞር ብላችሁ በጀርባ በኩል ድረሱበት፣ ጓደኞቻችሁንም ከኋላችሁ አቁሙ።

5. ደመና ሲወርድ፦ ደንገጎ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ስትወጡ ደንገጎ ላይ ደመና ወርዶ መንገዱን የሸፈነበት ቀን ከገጠማችሁ አትመለሱ፤ ለልምምድ የተሰጠ ቀን ነው። በረዶ በሚጥልበት ቀን ያለው ብርሃን እንዲህ ያለ ነው፤ ጥላ የለም፣ አድማስ የለም፣ ካሜራው የሚያተኩርበት ነገር አጥቶ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ሁለት ነገር ተለማመዱ። አንደኛው፣ ጥቁር ወይም ጠርዙ የጎላ ነገር ፈልጎ እርሱ ላይ ማተኮር ነው፤ ቁልቋል፣ ቋጥኝ፣ የመንገድ ዳር ምሰሶ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ፎቶውን በዚያ በአንዱ ነገር ዙሪያ መሥራት ነው። በጭጋግ ውስጥ አንድ ቁልቋል ይበቃል፤ አምስት ሲሆኑ ይጣላሉ።

መንገዱ ጠመዝማዛና የከባድ መኪና መመላለሻ ስለሆነ ከአስፋልቱ ራቅ ብላችሁ ቁሙ። እናንተ ደመናውን ስታዩ ሾፌሩ እናንተን አያይም።

ደመናው በተገለጠ ጊዜ ከዚያው ሆናችሁ ቁልቁል ወደ ድሬ ሜዳ ተመልከቱ። ሸንተረሩ አንዱ ከሌላው ኋላ እየፈዘዘ ይሄዳል። ይህን በረጅም (ሩቁን በሚያቀርብ) ሌንስ ጠበብ አድርጋችሁ አንሱት፤ ተራራን ትልቅ የሚያስመስለው ሰፊ ሌንስ ነው የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ፣ ነገር ግን ሰፊ ሌንስ ሩቁን ተራራ ጉብታ ያደርገዋል። ትልቅነቱን ለማሳየት ረጅም ሌንስና ሥሩ የቆመ አንድ ሰው ይሻላል።

6. ብርዱን መቅመስ

ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጥር ንጋት ድሬ 16 ዲግሪ ቢሆን በዚህ ስሌት የኪሊማንጃሮ አናት ከዜሮ በታች 14 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር ማለት ነው። ሊቲየም ባትሪ በዚህ ብርድ ጉልበቱ ቶሎ ይወርዳል። ሙሉ የነበረው ድንገት «ባዶ ነኝ» ይላል፤ ደረት ኪስ ውስጥ ሲሞቅ ደግሞ ጥቂት ይመለሳል። አይፎን እንኳን እንዲሠራ የታሰበው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የላይኛውን ወሰን ድሬ በሚገባ አስተዋውቃናለች፤ የታችኛውን ግን አናውቀውም።

ለማወቅ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ማግስት ከንጋት በፊት ሐረማያ ሜዳ ላይ ውጡ። ውርጭ ከጣለ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ከእውነተኛ በረዶ በፊት የምታገኙት የቅርቡ ዘመድ እርሱ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣም ወዲያው ያልቃል። በ+1 ጀምሩ። ጊዜና ጉልበት ያለው ደግሞ በጉርሱም በኩል ቁንዱዶን ይውጣ። ወደ 3000 ሜትር የሚጠጋ፣ አናቱ ጠፍጣፋ አምባ ነው፤ በዱር ፈረሶቹም የታወቀ ነው። አንድ ሌሊት እዚያ ማደር ስለ ካሜራውም ስለ ራሳችሁም ብዙ ይነግራችኋል።

ጓንት ሌላው ትምህርት ነው። በድሬ ወፍራም ካፖርትና ጓንት ፈላጊው ጥቂት ስለሆነ ቀፊራ ገበያ ልባሽ ጨርቅ መሐል ፈልጉ። ከዚያ ቤት ዘግታችሁ ጓንቱን አድርጉና ባትሪ ቀይሩ፣ ሚሞሪ ካርድ አውጡ፣ የብርሃን ማካካሻውን ዓይን ጨፍናችሁ አግኙ። ደጅ ላይ አትሞክሩት፤ በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የተቀመጠ ሁሉ «አቦ፣ ምን ነካህ?» ይላል። ጣት ውስጥ ለውስጥ የሚሞቅበት ቀጭን ጓንት፣ ከላዩ ወፍራም የሆነ ድርብ አለባበስ ይሻላል። የብረት ትራይፖድ (ባለሦስት እግር መቆሚያ) ካላችሁ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሉት፤ ባዶ እጅ ላይ ብርዱ ይነክሳል።

ትርፍ ባትሪ ቢያንስ ሁለት ያዙ። በአውሮፕላን ስትሄዱ እነዚህ ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገቡም።

7. ከብርድ ወደ ሙቀት መግባት

ካሜራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ብርድ ላይ ሳለ አይደለም፤ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገባ ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ለስላሳ መጠጥ ድሬ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ጠርሙሱ እንደሚያልበው ሁሉ፣ የቀዘቀዘ ካሜራም በሞቀ አየር ውስጥ ያልበዋል፤ ልዩነቱ ላቡ በውስጥም መሆኑ ነው። ሌንሱ ይሸፈናል፣ ውኃው ወደ ኤሌክትሮኒክሱ ይሰርጋል።

አሠራሩ ይህ ነው። ገና ውጭ ሳላችሁ ሚሞሪ ካርዱን አውጡ፤ ፎቶውን ለማየት ስትቸኩሉ ፌስታሉን እንዳትከፍቱ ነው። ካሜራውን ዚፕ ባለው ፌስታል ክተቱና አየሩን አስወጥታችሁ ዝጉት። ከዚያ ግቡ። አንድ ወይም ሁለት ሰዓት ሳትከፍቱ አስቀምጡት፤ ላቡ በፌስታሉ ላይ ይቀራል። ብርድ ላይ ደግሞ ሌንሱን ለመጥረግ በአፍ «ሃ» አትበሉበት፤ ትንፋሹ እዚያው ይረጋል። በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።

8. ተራራው ላይ

እዚህ ስትደርሱ እጃችሁ ያውቀዋል፤ ጥቂት ቁጥሮች ብቻ ያዙ። ለሰፊ እይታ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11፣ አይ ኤስ ኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ማካካሻ ከ+1 እስከ +2። እየጣለ ያለ በረዶ ነጠብጣብ ሆኖ እንዲታይ ሸተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ ፈጣን አድርጉ፤ መስመር እንዲሆን ከፈለጋችሁ 1/30 አካባቢ። ትራይፖዱን በረዶው ውስጥ ጫን አድርጋችሁ አስቀምጡና እስኪረጋ ጠብቁ። ፖላራይዘር የሚባለው በሌንስ ፊት የሚገጠም ማጣሪያ የበረዶውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ከፍታ ላይ ሰማዩ ከመጀመሪያውም ጥቁር ሰማያዊ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ ካዞራችሁት ሌሊት ይመስላል።

ፎቶ ነፍስ አይተካም። ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ መውጣታችሁን አቁሙ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ። የበረዶ ጠርዝ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ስለሚችል ለተሻለ እይታ ወደ ገደል አትጠጉ፤ ናዳ ስለሚወርድባቸው ተዳፋቶች የአካባቢው ሰው የሚላችሁን ስሙ። ጥቁር መነጽር ለጌጥ አይደለም፤ ከበረዶ የሚመለሰው ጨረር ዓይንን ያቃጥላል። ጫትንም ቤት ተዉት። ታንዛኒያንና አብዛኛውን አውሮፓ ጨምሮ በብዙ አገር የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም ከፍታ ላይ ልብ ከበቂ በላይ ይመታል።

9. ከተመለሳችሁ በኋላ

ኮምፒውተር ላይ በረዶውን ወደ መጨረሻው ነጭ አትግፉት፤ ከ100 በመቶ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሲቆም ሻካራነቱ ይቀራል። የሰማያዊውን መጠን በጥላው ላይ ብቻ ቀነስ አድርጉ። ንፅፅሩን ስትጨምሩ የጓደኛችሁን ፊት እያያችሁ ይሁን።

ማሳተም ስትፈልጉ ለፎቶ ቤቱ አንድ ነገር ንገሩት፤ ማሽኑ በራሱ የሚያደርገውን ማስተካከያ እንዲያጠፋላችሁ። ማሽኑም እንደ ካሜራው መለኪያ ነጭ የበዛበትን ሥዕል ሲያይ «ብርሃን በዛ» ብሎ ሊያጨልመው ይችላል። ትልቁን ከማዘዛችሁ በፊት በ10 በ15 ሴንቲ ሜትር አንድ ብቻ አሳትማችሁ ደጅ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ከነጭ ወረቀት አጠገብ ይዛችሁ እዩት።